ስለ ከተማ አሠራርና ስለ ነዋሪዎቹ ዕረፍት

ሰው ቤት ሊሠራ ሲያስብ አስቀድሞ ስፍራውን ይመለከታል። ውኃ የሚወርድበትን፥ ነፋስ የሚመጣበትን፥ ፀሐይ የምትገባበትን ወገን ይለያል። በሩ በየት በኩል ይሁን፥ ምድጃው የት ይቀመጥ፥ ጢሱ በየት ይውጣ፥ ከብቶቹ የት ይደሩ ብሎ ከቤተ ሰዎቹ ጋራ ይመክራል። ከዚህ በኋላ መሠረቱን ይቈፍራል። ሳይመክር የሠራ ሰው ግን ቤቱ ከቆመ በኋላ ጢሱ ዓይኑን ሲያቃጥለው፥ ጎርፉም በደጁ ሲገባበት ይጸጸታል። የቆመውን ቤት አፍርሶ እንደ ገና ለመሥራት ገንዘቡም ጉልበቱም አይበቃውም።

ከተማም የብዙ ሰዎች ቤት ነው። አንድ ቤት ምክር የሚያሻው ከሆነ፥ ብዙ ሺህ ሰዎች የሚኖሩበት ከተማ እንዴት አብልጦ አያሻውም? ቤቶችና መንገዶች፥ ገበያዎችና ትምህርት ቤቶች፥ የውኃ መውረጃዎችም በየት በየት ስፍራ እንዲሆኑ አስቀድሞ ተመክሮ በወረቀት ላይ የሚሣለው ሥዕል የከተማ ፕላን ይባላል። ፕላን የሚያስፈልገው ቤቶቹ በዓይን ሲታዩ እንዲያምሩ ብቻ አይደለም። በውስጣቸው የሚኖሩት ሰዎች ለሰውነታቸው ጤና፥ ለልባቸውም ዕረፍት እንዲያገኙ ነው።

ከተማ ሰውን የሚያስጨንቀው በምንድር ነው

በገጠርም በከተማም የሚኖር ሰው ሁሉ የኑሮ ሐሳብ አለበት። በከተማ የሚኖር ሰው ግን በዚህ ላይ ሌላ ሸክም ይጨመርበታል። ቤቶቹ ተጠጋግተው ስለ ተሠሩ የጎረቤቱ ጩኸት ከመኝታው ድረስ ይሰማል። መንገዱ ጠባብ ከሆነ ሰውና መኪና፥ አህያና ባጃጅ ይጋፋሉ። ዛፍ ከሌለ ፀሐይዋ ታቃጥላለች፤ አቧራውም ዓይንና ጉሮሮ ይከረክራል። ሰውም ብዙ ሕዝብ በሚመላለስበት ስፍራ እየኖረ የሚያውቀውን ሰው ሊያጣ ይችላል።

ይህ ሁሉ ሰውነትን እንደሚጎዳ ማስተዋል ይገባል። የመኪና ጡሩንባ በድንገት ከጆሮው አጠገብ ቢጮኽ የሰው ልብ በፍጥነት ይመታል፤ ትንፋሹ ይፈጥናል፤ ሥጋውም ይጠነክራል። ይህም የሚሆነው ሰው ከአደጋ ፈጥኖ እንዲያመልጥ እግዚአብሔር እንዲህ አድርጎ ስለ ፈጠረው ነው። አደጋው ሲያልፍ ልቡ ተመልሶ ይረጋል። ነገር ግን ጩኸቱ ቀንና ሌሊት ባይቋረጥ፥ ሙቀቱም ባይበርድ፥ ስጋቱም ባይርቅ ሰውነቱ የሚያርፍበትን ጊዜ ያጣል። ያን ጊዜ እንቅልፉ ይጎድላል፤ በትንሽ ነገር ይቈጣል፤ ልጅ የሆነ እንደ ሆነ ትምህርቱ አልገባ ይለዋል። ዘመኑ ሲረዝም የደም ግፊትና የልብ ሕመም ይከተላል። እንግዲህ የከተማን ጭንቀት መቀነስ ማለት ለሰነፎች ምቾት መፈለግ ሳይሆን የሰውን ጤና መጠበቅ ነው።

ስለ ቆቦ ከተማ

ቆቦ በሰሜን ወሎ፥ በራያ ሜዳ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከወልድያ ወደ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ሜዳው ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። በምዕራብ በኩል የደጋው ተራሮች፥ በምሥራቅ በኩል የዞብል ተራሮች ቆመውለታል። ምድሩ ለም ነው፤ ማሽላና ጤፍ ይበቅልበታል፤ ከከርሰ ምድር በሚወጣ ውኃም ሽንኩርትና ቲማቲም ይለማበታል። ከደጋ አህያ እየነዳ የሚወርደው ሰውና ከአፋር ቆላ ግመል እየሳበ የሚወጣው ሰው በገበያዋ ይገናኛሉ። ከአዲስ አበባ በደሴና በወልድያ በኩል ወደ መቀሌ የሚወስደው አውራ ጎዳናም በመካከሏ ያልፋል።

እነዚህ ሁሉ በረከቶች ናቸው። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ በረከት ልክ ካልተበጀለት ይጎዳል። ተራራው ለም አፈር ይሰጣል፤ ጎርፍም ይልካል። ፀሐይዋ ማሽላውን ታበስላለች፤ ጥላ ያላገኘውንም ሰው ታደክማለች። አውራ ጎዳናው ንግድ ያመጣል፤ ጩኸትንና አደጋንም ያመጣል። የፕላን ጥበብም በረከቱን ተቀብሎ ጉዳቱን መመለስ ነው።

የመልካም ከተማ መለኪያ

አንድ ከተማ መልካም መሆኑ በምን ይታወቃል? አንዳንድ ሰው በፎቁ ብዛት፥ አንዳንዱም በመኪናው ብዛት ይመስለዋል። ነቢዩ ዘካርያስ ግን ሌላ መለኪያ ሰጥቷል። የአይሁድ ምርኮኞች ከባቢሎን ተመልሰው የፈረሰችውን ኢየሩሳሌምን በሚሠሩበት ዘመን፥ ነቢዩ በመጽሐፉ በ8ኛው ምዕራፍ ስለ ከተማይቱ መልካም ዘመን ሲናገር፥ ምርኵዝ የያዙ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች በአደባባይዋ እንደሚቀመጡ፥ ልጆችም በዚያው እንደሚጫወቱ ገለጸ።

ይህ መለኪያ ዛሬም ይሠራል። ሽማግሌ ጉልበቱ ደካማ ስለ ሆነ ፀሐይዋ ከበረታች፥ መንገዱም ጕድጓድ ከሆነ ከቤቱ አይወጣም። ሕፃንም አደጋን ስለማያውቅ ደጁ የሚያስፈራ ከሆነ እናቱ በሩን ትዘጋበታለች። ለእነዚህ ለሁለቱ የተመቸ ከተማ ለብርቱው ጎልማሳም ይመቻል። ለብርቱው ብቻ የተሠራ ከተማ ግን ሽማግሌውንና ሕፃኑን በቤት ያስራል።

ለሽማግሌውና ለሕፃኑ የሚመች ከተማ እንዲሆን አራት ነገሮች አስቀድመው ሊታሰቡ ይገባል፤ የውኃው መንገድ፥ ጥላ፥ የእግረኛ መንገድና ክፍት ስፍራ ናቸው።

ስለ ውኃው መንገድ

በቆቦ አካባቢ ከምዕራቡ ተራሮች ብዙ ወንዞች ወደ ሜዳው ይወርዳሉ፤ ሆርማትና ጎሊና ከእነርሱ መካከል ናቸው። በደጋው ብርቱ ዝናብ በዘነበ ጊዜ፥ በሜዳው ላይ አንዲት ጠብታ ሳትወርድ፥ ደረቅ የነበረው ፈፋ በድንገት ሞልቶ ድንጋይና አሸዋ እያንከባለለ ይመጣል። የራያ ገበሬ ይህን ከአባቶቹ ተምሮ ያውቃል። ጎርፉን በድንጋይ፥ በእንጨትና በአፈር ጠልፎ ወደ ማሽላው እርሻ ይመራዋል። ከውኃው ጋራ አይጣላም፤ መንገድ ያበጅለታል እንጂ።

በከተማ ግን ይህ ጥበብ ይረሳል። ለዚህ አንድ ምሳሌ እነሆ። አንድ ጎልማሳ በበጋ ወራት በደረቀ ፈፋ ውስጥ ቤት ሊሠራ ድንጋይ ሲያከማች አንድ ሽማግሌ መጡና ቆመው ተመለከቱት።

«ልጄ፥ ይህ ስፍራ የማን ነው?» ብለው ጠየቁት።

«አባቴ፥ ባለቤት የለውም፤ ባዶ ሆኖ አገኘሁት» አላቸው።

«ባለቤትስ አለው። አሁን መንገድ ሄዷል፤ በክረምት ይመለሳል» አሉት።

ጎልማሳው ነገሩ ስላልገባው ዝም አለ። ሽማግሌውም ምርኵዛቸውን ዘርግተው በፈፋው ዳር የበቀለችውን ግራር አሳዩት። ከሰው ወገብ በላይ ባለው ቅርንጫፏ ላይ የደረቀ ሣርና ጭራሮ ተጠምጥሞ ነበር።

«ይህን ሣር ከዚያ ላይ የሰቀለው ማን ነው?» አሉት።

ጎልማሳው ሣሩን አይቶ፥ ያከማቸውንም ድንጋይ አይቶ ብዙ ጊዜ ቆመ። «ወንዙ ነው፥ አባቴ» አላቸው። በማግሥቱም ወደ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ሌላ ስፍራ እንዲመሩት ለመነ።

ይህ ምሳሌ ነው፤ በድሬዳዋ የሆነው ግን ታሪክ ነው። በድሬዳዋ ከተማ መካከል ደቻቱ የሚባል ወንዝ አለ። በዓመቱ በብዙው ወራት አሸዋ ብቻ ይታይበታል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን በዙሪያው ባለው ደጋ በዘነበው ዝናብ ምክንያት ሰዎች ተኝተው ሳሉ በሌሊት ሞልቶ መጣ። ከ200 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙ ሺህ ሰዎችም ቤታቸውን አጡ። ውኃው የመጣው በጥንት መንገዱ ነበር፤ በዚያ ግን ሰዎች ቤት ሠርተው ነበር።

ስለዚህ የፕላን የመጀመሪያ ሥራ የውኃውን መንገድ ለውኃው መተው ነው። በፈፋው ግራና ቀኝ ቤት አይሠራም፤ ዛፍና ሣር ይተከላል። ሥሩ አፈሩን ይይዛል፤ ሣሩ የውኃውን ፍጥነት ያበርዳል። በበጋም ያው ስፍራ ሰዎች በጥላ ሥር የሚሄዱበት መናፈሻ ይሆናል። ከሁሉም በላይ፥ በዝናብ ሌሊት እናት ልጆቿን አቅፋ የውኃውን ድምፅ እያዳመጠች በስጋት ማደሯ ይቀራል።

ስለ ጥላ

በቆላ አገር ሙቀት የሚበዛው ከፀሐይ ብቻ አይደለም። ድንጋይ፥ ሲሚንቶ፥ ሬንጅና የቆርቆሮ ክዳን ቀን የፀሐይን ትኩሳት ይቀበላሉ። ድንጋዩና ሲሚንቶው የተቀበሉትን ትኩሳት ቶሎ አይለቁም፤ ፀሐይ ከገባች በኋላም ጥቂት በጥቂት ይመልሱታል። ስለዚህ ዛፍ የሌለው ከተማ ፀሐይ ከገባች በኋላም እንደ ምጣድ ግሎ ይቆያል፤ ሰውም በላብ እየታጠበ ያለ እንቅልፍ ያድራል።

ዛፍ ግን በሁለት መንገድ ያቀዘቅዛል። አንደኛው ጥላው ነው፤ ፀሐይዋ መሬቱን እንዳታግለው ይከለክላል። ሁለተኛው በዓይን የማይታይ ነው። ዛፍ በሥሩ ከመሬት ውኃ ይጠጣል፤ የጠጣውንም ውኃ በቅጠሎቹ ቀዳዳ እንደ ተን አድርጎ ይለቃል። ያ ተን ሲወጣ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ይህን ነገር በሸክላ እንስራ መረዳት ይቻላል። በእንስራ ያለ ውኃ በቆላ ቀዝቅዞ የሚገኘው፥ በእንስራው ገላ ላይ የሚወጣው ወዝ እየተነነ የውስጡን ሙቀት ስለሚወስድ ነው። ዛፍም እንዲሁ የከተማ እንስራ ነው ሊባል ይቻላል።

ይህን ጥበብ አባቶች በሥራ ያውቁት ነበር። በብዙ የኢትዮጵያ አገሮች ደኑ ሁሉ ተቆርጦ ሳለ፥ በቤተ ክርስቲያን አጸድ ያለው ዛፍ ተጠብቆ ቆይቷል። ከሩቅ መንገድ የመጣ መንገደኛ ወደ አጸዱ ሲገባ ትንፋሹ ይመለስለታል። ይህም የሆነው ስፍራው የተከበረ፥ ምሳርም የማይነሣበት ስለ ሆነ ነው። ለአንድ ግቢ የተደረገው ጥበቃ ለአንድ ከተማ ቢደረግ እንዴት ያለ በረከት በሆነ ነበር!

ዛፍ ለዓይን መታየቱ ብቻ እንኳ ሰውን ይረዳል። ሮጀር ኡልሪክ የሚባል አሜሪካዊ ሊቅ በ1984 እ.ኤ.አ. ያወጣው ምርምር ይህን ያስረዳል። በፔንሲልቬኒያ በሚገኝ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢታቸው በቀዶ ሕክምና የወጣላቸውን 46 ሕሙማን ታሪክ መረመረ። 23ቱ ከአልጋቸው ሆነው በመስኮት ዛፍ ያዩ ነበር፤ 23ቱ ግን የጡብ ግድግዳ ብቻ ይታያቸው ነበር። ዛፍ ያዩ የነበሩት ቀደም ብለው ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ ብርቱ የሕመም ማስታገሻ መድኃኒትም ያነሰ ወሰዱ። የታመመን ሰው እንዲህ የሚረዳ ከሆነ፥ በሥራ የደከመውን ሰውማ እንዴት አይረዳውም?

ከተማ ዛፍ ካጣ እንደሚቸገር አዲስ አበባ ምስክር ናት። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በከተማይቱ ዙሪያ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ ተቆርጦ ባለቀ ጊዜ፥ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር። ነገር ግን መገኛው አውስትራሊያ የሆነው ባሕር ዛፍ ተተክሎ ፈጥኖ ስላደገ ማገዶው ተገኘ፤ ከተማይቱም በስፍራዋ ቀረች።

ይሁን እንጂ ባሕር ዛፍ ውኃ ስለሚያበዛ ለቆላ ከተማ መንገድ ዳር አይመረጥም። ለቆቦ የሚስማሙት ሙቀትንና ድርቅን የሚታገሡ ዛፎች ናቸው፤ ግራር፥ ቁርቁራ፥ ኒምና እነዚህን የመሰሉት። ሾላም ውኃ በሚገኝበት ስፍራ ሰፊ ጥላ ይሰጣል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ አረንጓዴ አሻራ በሚባለው ዘመቻ በአገሪቱ ብዙ ችግኝ ተተክሏል። መትከል ግን የሥራው መጀመሪያ ነው እንጂ ፍጻሜው አይደለም። ፍየል እንዳይበላው አጥር፥ በጋ እንዳያደርቀው ውኃ ያስፈልገዋል። በክረምት ተተክሎ በጥር የደረቀ ችግኝ ለማንም ጥላ አይሆንም።

ስለ እግረኛ መንገድ

አውራ ጎዳናው ለቆቦ የንግድ በር ነው። ከባድ የጭነት መኪኖች ቀንና ሌሊት ያልፉበታል። ነገር ግን በዚያው መንገድ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፤ ሴቶች ከገበያ ይመለሳሉ፤ እረኛም ከብቱን ይነዳል። ሁሉም በአንድ መንገድ ሲጋፉ ባለ መኪናውም እግረኛውም ይጨነቃሉ።

ፍጥነት ሲጨምር አደጋው ከሚገመተው ይልቅ ይበዛል። መኪና ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን፥ ፍሬን ከተያዘ በኋላ እስኪቆም ድረስ የሚሄደው ርቀት እጥፍ ብቻ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ መኪና ከበቂ በላይ የሆነው ርቀት በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ለሚሄደው አይበቃውም። ስለዚህ ከተማ ውስጥ የሚገባ መኪና ቀስ እንዲል ማድረግ የልጆችን ነፍስ ማዳን ነው።

በመልካም ፕላን ለእግረኛ ከመኪናው መንገድ ከፍ ያለ የራሱ መንገድ ይደረግለታል። በሁለቱ መካከል የዛፍ ተራ ይተከላል፤ ዛፉ ለእግረኛው ጥላ፥ ለአቧራውም መከላከያ ይሆናል። በትምህርት ቤት አጠገብ መሻገሪያ ይበጃል። የጭነት መኪኖች የሚያድሩበት ስፍራ ከመኖሪያ ቤቶች ይርቃል፤ ይህም የሆነ እንደ ሆነ የሞተሩ ድምፅ የተኙትን አይቀሰቅስም። የእግረኛው መንገድ ላይ ሸቀጥ መዘርጋት፥ አሸዋና ድንጋይ መቆለልም ይከለከላል፤ ይህን የሚያደርግ ሰው ሽማግሌውንና ሕፃኑን ወደ መኪናው ይገፋቸዋልና።

በአዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. መንገድ ለሰው የሚባል ልማድ ተጀመረ። በተወሰነ እሑድ አንዳንድ ትላልቅ መንገዶች ለጥቂት ሰዓት ለመኪና ተዘጉ። ያን ጊዜ ሰዎች በእግራቸው ተመላለሱ፤ ልጆችም በአስፋልቱ ላይ ኳስ ተጫወቱ፤ ብስክሌትም ነዱ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ይህ ነው፤ መንገድ ለመኪና ብቻ የተፈጠረ አይደለም።

ስለ ክፍት ስፍራ

አራተኛው ነገር ለሁሉም የጋራ የሚሆን ክፍት ስፍራ ነው። ይህ ነገር በጥንት ዘመን ታስቦበታል። በኦሪት ዘኍልቍ በ35ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው፥ ለሌዋውያን ከተሞች በተሰጡ ጊዜ በየከተማው ዙሪያ በክንድ ተለክቶ ለከብቶቻቸው መሰምርያ የሚሆን ስፍራ እንዲተው ታዘዘ። ልኩ አስቀድሞ የተወሰነ በመሆኑ ባዶ ነው ብሎ የሚነጥቀው አልነበረም።

በኢትዮጵያም የከተማ ፕላን ሥራ ይህን የመሰለ ልክ ተደርጓል። ከከተማው መሬት ከ100 እጅ 30ው ለመንገድ፥ 30ው ለአረንጓዴና ለጋራ መገልገያ፥ 40ው ለሕንፃ እንዲሆን መመሪያው ይናገራል። በዚህ ልክ ከ100 ሄክታር መሬት 40ው ብቻ ቤት ይሠራበታል ማለት ነው። ይህን የሚሰማ ሰው «ስለ ምን ይህን ያህል መሬት ባዶ ይቀራል?» ይል ይሆናል። ነገር ግን ባዶ አይደለም። የሕዝቡ ሁሉ ሳሎን ነው።

ክፍት ስፍራ በሌለበት መንደር ሰው የሞተ እንደ ሆነ እድርተኞች የለቅሶውን ድንኳን የሚተክሉበት ያጣሉ፤ በመንገድ መካከል ይተክሉታል፤ መኪናም በኀዘንተኞች ጆሮ ላይ እየጮኸ ያልፋል። ሠርግም ሲሆን እንዲሁ ነው። ልጆችም ለጨዋታ ስፍራ ሲያጡ በጎዳናው ላይ ኳስ ይመታሉ። ክፍት ስፍራ ባለበት ግን ኀዘንተኛው በጸጥታ ያለቅሳል፤ ልጅም ያለ ስጋት ይጫወታል።

በወሎ አበጋር የሚባሉት ሽማግሌዎች የተጣሉትን ሰዎች በዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጠው ያስታርቃሉ፤ ደምም ያደርቃሉ። ዕርቅ በጥድፊያና በጩኸት መካከል አይሆንም። ሰው ጥሞና አግኝቶ የባልንጀራውን ቃል የሚሰማበት ስፍራ ይሻል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በቆቦና በራያ ሜዳ ላይ ብዙ ሰው ገደለ፤ ብዙ ሰውም ከቤቱ አሰደደ። እንዲህ ያለ ኀዘን ያገኘው ሕዝብ እንጀራና መድኃኒት ያስፈልገዋል፤ ደግሞም ከጎረቤቱ ጋራ ተቀምጦ የሚተዛዘንበት ጥላ ያስፈልገዋል። ኀዘን ብቻውን በተዘጋ ቤት ውስጥ ሲቀር ይከብዳል፤ ከሰው ጋራ ሲካፈሉት ይቀልላል።

ክፍት ስፍራን ግን አስቀድሞ ማስቀረት ያስፈልጋል። መንገድ ቢበላሽ ይታደሳል፤ ዛፍ ቢደርቅ ሌላ ይተከላል። ቤት የተሠራበትን ስፍራ እንደ ገና ክፍት ለማድረግ ግን የሰው ቤት ማፍረስ፥ ሰውንም ማፈናቀል ይጠይቃል። ይህም ራሱ ሌላ ጭንቀት ነው። ዛሬ በወረቀት ላይ በአንድ መሥመር የሚጠበቀው ስፍራ ነገ በብዙ ገንዘብና በብዙ እንባም አይገኝም።

ሥራው የማን ነው

አንዳንድ ሰው ይህ ሁሉ የመንግሥት ሥራ ነው ብሎ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። በእውነትም የመንግሥት ድርሻ ታላቅ ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ፥ ቁጥሩ 574 የሆነው፥ ከተሞች በፕላን እንዲመሩ ያዝዛል። የከተማው መዋቅራዊ ፕላን ለ10 ዓመት የሚያገለግል ነው። ረቂቁም ለነዋሪዎች ቀርቦ ሐሳባቸውን ሊሰጡበት ይገባል። ስለዚህ ነዋሪው ወደ ስብሰባው መሄድ፥ የመንደሩን ፈፋና የልጆቹን መጫወቻ ስፍራ በወረቀቱ ላይ መፈለግ፥ ካላገኘም በትሕትና መጠየቅ አለበት። የፈፋውን ጠባይ ከሩቅ ከመጣ መሐንዲስ ይልቅ የአገሩ ሽማግሌ ያውቀዋል፤ ልኩን በቁጥር ማውጣትን ደግሞ መሐንዲሱ ያውቃል። ሁለቱ ሲመካከሩ ሥራው ይቃናል።

ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሊሠራ በመጣ ጊዜ አስቀድሞ በሌሊት ዞሮ የፈረሰውን ሁሉ በዓይኑ ተመለከተ። ከዚያ በኋላ ከሕዝቡ ጋራ መከረ። ሥራውም በተጀመረ ጊዜ ብዙዎች በየቤታቸው ፊት ለፊት ያለውን ክፍል ሠሩ። አስቀድሞ ማየት፥ ቀጥሎ መምከር፥ ከዚያም እያንዳንዱ በደጁ መሥራት፤ የከተማ ሥራ ሥርዓቱ ይህ ነው።

ትንሽ ልጅም ቢሆን ድርሻ አለው። ቆሻሻን ወደ ውኃ መውረጃው የማይጥል ልጅ ጎርፍ ወደ ጎረቤት ቤት እንዳይገባ ይረዳል። ፊቱን የታጠበበትን ውኃ በችግኝ ሥር የሚያፈስ ልጅ ጥላን ያሳድጋል። በሽማግሌ ፊት ከመቀመጫው የሚነሣ፥ በሌሊትም የማይጮኽ ልጅ ለመንደሩ ዕረፍት ይሰጣል።

ችግኙ ዛፍ እስኪሆን ድረስ ልጁ ጎልማሳ ይሆናል፤ ውኃ ያጠጣው ልጅ ሲሸመግል በጥላው ሥር ይቀመጣል። ያን ጊዜ በፊቱ የሚጫወቱት ልጆች ዛፉን ማን እንዳሳደገው ላያውቁ ይችላሉ። እርሱ ግን ምርኵዙን ይዞ ሲያያቸው ደስ ይለዋል።